ስማቸው ያልተጠራ ባለውለታዎቻችን

(በቀድሞ ተማሪዎች ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ በመጠኑ ተስተካክሎ)

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ የቤተ ክርስቲያን አባቶችና እናቶች፣ አብረን ያደግን እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከእኛ በኋላ በዚያው ግቢ ያለፋችሁ ታናናሾቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «ትምህርት ቤታችን ምን ሰጠን?» በሚል ርዕስ ጥቂት እንድል ጠየቁኝ። ክብር ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን ምን እንደሰጠን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐኪም አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ መምህር አለ፣ ቄስ አለ፣ ነጋዴ አለ። ከምዕራብ ወለጋ ገጠር ተነስቶ እዚህ የደረሰ ሰው ምን እንደተደረገለት አይጠፋውም። ስለዚህ ጥያቄውን ትንሽ ልቀይረው። የሰጠን ማን ነው? እግዚአብሔር መሆኑን አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ለእሱ ምስጋና ይሁን። እኔ የምጠይቀው በማን እጅ እንደሰጠን ነው።

የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚሉን የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። «ስዊድኖቹ ከፈቱት፣ ጀርመኖቹ ሠሩት» እንላለን። ውሸት አይደለም። አገራቸውን ትተው፣ በወባ እየተንቀጠቀጡ፣ አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን እዚሁ አፈር አልብሰው ያስተማሩ ሰዎች ነበሩ። ክብራቸውን ማንም አይነካም፤ እኔም አልነካም። ፎቷቸው በቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ መሰቀሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ታሪኩን ከእነሱ ብቻ ጀምረን በእነሱ ከጨረስነው ብዙ ሰው እንዘላለን። የምንዘላቸው ደግሞ የራሳችን ሰዎች ናቸው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ደረሱ። ምኞታቸው ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ነበር፤ መንገዱ ግን አልተከፈተላቸውም። ስለዚህ ከምጽዋ ወጣ ብላ ባለችው እምኩሉ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። እዚያ ከተማሩት መካከል ከባርነት የተረፉ ልጆች ነበሩ። ወደ መሐል አገር መሄድ ያቃታቸው አስተማሪዎች፣ ከመሐል አገር ተሰርቀው ወደ ባሕሩ የተነዱ ልጆችን አገኙ።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ የተወለደ ነው። በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። ምጽዋ ላይ ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ አወጣው፤ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤትም ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ በፋሲካ ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለውን ባሪያ፣ በኋላም «ወንድም» የተባለውን ሰው ታስታውሳላችሁ፤ ስሙ የእሱ ነው። ልጁ አድጎ ስዊድን ተላከ፤ ዮሃነሉንድ በተባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1881 ተመለሰ።

እኛ የምናውቃቸው ኦኔሲሞስ ነሲብ እኚህ ናቸው። እዚያው ስዊድን መቅረት ይችሉ ነበር። ምጽዋ ተቀምጠው በሰላም መኖርም ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ተሰረቁበት አገር መመለስ ፈለጉ። በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ ታመው ተመለሱ። በሸዋ በኩል ሞከሩ፤ አልሆነም። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ባዝል አጠገብ በምትገኘው ሳንክት ክሪሾና ታተመ። የተጻፈውም በእኛው ፊደል ነው፤ ሀ ሁ ሂ የቆጠረ ሰው ሁሉ ሊያነበው እንዲችል።

ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ አንጀቴን የምትበላው አስቴር ጋኖ ናት። ሊሙ እናርያ በተባለው የኦሮሞ መንግሥት፣ በንጉሡ ቤት በባርነት የነበረች ልጅ ናት። ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ጣሊያኖች ጀልባውን ያዙት። እሷም እምኩሉ ወደሚገኘው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተወሰደች። ኦኔሲሞስ ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ስለሆነ ቋንቋው እንደ ልብ አልነበራቸውም። አስቴር ግን ነበራት። የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች፤ ትርጉሙ የቃናው በእሷ መዝገበ ቃላት ጭምር ነው። ከዚያም ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ምሳሌያዊ አባባሉን፣ ዘፈኑን ከትዝታዋ እያወጣች በመቶዎች የሚቆጠር ጻፈች። ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ንባብ መማሪያ ውስጥ ገባ።

አስቡት እስቲ። ከቤቷ የተነጠቀች ልጅ፣ ባሕር ዳር ተቀምጣ፣ የቤቷን ተረት በወረቀት አሰፈረች። ያን መጽሐፍ ይዘው የሚማሩ ልጆች ገና አልተገኙም ነበር። እሷ ግን ይመጣሉ ብላ ጻፈች። እኔ በልጅነቴ ስለ እሷ አንድም ነገር ሰምቼ አላውቅም። ፎቶዋ በቢሯችን ግድግዳ ላይ አልነበረም፤ አሁንም የለም።

ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ1898 ከሐማሴን የመጡት ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ከዳንኤል ደበላ ጋር ወለጋ ውስጥ ቦጂ ደረሱ። ቄሱ ትግርኛ ተናጋሪ ናቸው፤ ሕዝቡን ያስተማሩት ግን በኦሮምኛ ነው። እዚያው እ.ኤ.አ. በ1905 በእሳት ቃጠሎ አረፉ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴር፣ ፌበን ሂርጴና ሌሎችም ነቀምት ገቡ። የነቀምት ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ከፈቱ። ተከሰሱ፤ ኦኔሲሞስ በግዞት እንዲሄዱ ሁሉ ተወስኖ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ናቸው ውሳኔውን ያነሱላቸው። ለዓመታት መስበክ ቢከለከሉም ማስተማሩን አልተዉም። ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1931 አረፉ። አስቴር ረጅም ዕድሜ ኖረው በ1964 ነው ያለፉት። ከአያቶቻችን መካከል በዓይናቸው ያዩዋቸው ሊኖሩ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለታሪክ ትምህርት አይደለም። አንድ ነገር እንድታዩልኝ ነው። የውጭ አገር ሚሲዮናውያን በወለጋ ተደላድለው መሥራት የጀመሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። የሄርማንስቡርግ ሚሲዮን ጀርመኖች እዚያው ወለጋ አይራ የገቡት በ1928 ነው። ከእነሱ በፊት እዚያ አገር ሰሌዳ የሰቀሉት፣ ልጅ ሰብስበው ፊደል ያስቆጠሩት ራሳቸው ተማሪ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እምኩሉ ለተቀበሉት ውለታ የከፈሉት ወለጋ ላይ ነው። የምስጋና ደብዳቤ ጽፈው ብቻ አልቀሩም። ትምህርት ቤታቸው ያደረገላቸውን ለሰው ልጅ አደረጉ። የእኛ ትምህርት ቤት ዘር ማንዘሩ ከዚያ ነው የሚመዘዘው።

በነገራችን ላይ ክርስቲያናዊ ትምህርት በአገራችን በሚሲዮን አልተጀመረም። አባቴ ፊደል የቆጠረው ከየኔታ ዘንድ ነው። ዳዊት ደግሟል። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ነው ይህን አገር ማንበብ ያስተማረው። ሚሲዮኖቹም የተቀበሉት ፊደል እዚያ የቆየ ፊደል ነው። እኛ ወንጌላውያን ይህን ውለታ ስናነሳ ብዙም አልሰማም። መነሳት አለበት፤ ዛሬ ቢያንስ እኔ አንስቼዋለሁ።

አሁን ወደ እኛው ግቢ ልምጣ።

እኔ የገባሁት ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ግቢው ለቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ትምህርት ቤቱ እንደገና በተከፈተበት ሰሞን ነው። ታላላቆቻችን የደርግን ጊዜ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የቤተ ክርስቲያናችን፣ የመካነ ኢየሱስ፣ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ታፍነው ተወስደው የተገደሉበት ዘመን ነው። እሳቸውም የቦጂ ልጅ፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ፍሬ ነበሩ። መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1972 ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ወንጌሉን ከሰው ኑሮ ነጥላችሁ አትርዱን፣ ነፍስና ሥጋን አትለያዩብን ብላ ነበር። ዋና ጸሐፊዋ ያኔ ጉዲና ነበሩ። ትምህርት ቤታችን ክፍል ብቻ ሳይሆን የአትክልት ቦታም፣ ክሊኒክም፣ የጸሎት ቤትም ያለው ለምን እንደሆነ ስጠየቅ የማነሳው ይህን ደብዳቤ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ምንም አልነበረውም። ዴስክ የለም፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ የለም፣ ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ክፍል ነው። ከዚያ መጻሕፍቱ መምጣት ጀመሩ። ግቢው ሲወረስ የአካባቢው ገበሬዎች ቀን አይተው፣ ማታ ማታ መጻሕፍቱን በጆንያ እያወጡ ቤታቸው ደብቀዋቸው ነበር። ጓዳ ውስጥ፣ ጎተራ ሥር፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ። ጠርዛቸው በጭስ ጠቁሯል። ስትገልጧቸው የወጥ ቤት ሽታ ይሸታሉ። የመጀመሪያ ገጻቸው ላይ ያለው የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ግን አልጠፋም። እኔ እንግሊዝኛ ንባብ የለመድኩት በእነዚያ መጻሕፍት ነው። አንድ ጂኦግራፊ መጽሐፍ ትዝ ይለኛል፤ ካርታዎቹ ሁሉ ከዳር ዳር ቡናማ ሆነው፣ የአውሮፓ ጫፍ በጭስ ተበልቶ። ከቤቱ መፈተሽ የማይፈራ ሰው ያኔ አልነበረም። ማንበብ የማይችል ገበሬ ለሰው ልጅ መጽሐፍ ብሎ ያን ፍርሃት ተሸከመ። ስሙን ጠይቄ አላገኘሁትም።

የግቢውን ኑሮ ታውቁታላችሁ። ከመኪና ቸርኬ የተሠራው ደወል ጎህ ሲቀድ ይመታል። ጸሎት፣ መዝሙር፣ ቂንጬ ወይ የበቆሎ ቂጣ በሻይ፣ ከዚያ ክፍል። ከሰዓት በኋላ የሥራ ሰዓት። ጎመን እንኮተኩታለን፣ ቡና እንለቅማለን፣ ውሃ እንቀዳለን። የአስተዳዳሪው ልጅም፣ የእረኛውም ልጅ እኩል ይቆፍራል። ልዩነት አልነበረም። ያኔ ሥራው ይከብደን ነበር፤ እጃችን ይላጥ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሰውን በእጁ ሥራ አለመናቅን የተማርኩት እዚያ ነው። የሰበከልኝ ሰው ኖሮ አይደለም፤ ዳይሬክተራችን ራሳቸው ካኪ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ከእኛ ጋር ይቆፍሩ ስለነበር ነው።

ስለ ፈተናውም ልናገር። አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩን። የፈተናውን ወረቀት ያድሉና «እግዚአብሔር ያያል» ብለው ከክፍል ይወጣሉ። ተመልሰው የሚመጡት ሰዓቱ ሲያልቅ ነው። ማንም አይኮርጅም ነበር ብዬ አልሸነግላችሁም። ግን አብዛኛው አይኮርጅም። ደግሞ ጉዱ የሚኮርጀው ልጅ ራሱ ደስ አይለውም ነበር፤ የታመነ ሰው ሲያጭበረብር ይጨንቀዋል። እኔ ዛሬ ኦዲተር ነኝ። ሥራዬ የሰው ሒሳብ ማየት ነው። ፈራሚ በሌለበት፣ ተቆጣጣሪ በማይደርስበት መጋዘን ብዙ ጊዜ ብቻዬን ቆሜያለሁ። በእንዲህ ዓይነት ሰዓት የማስበው ያን የመምህሬን ባዶ ወንበር ነው።

ደስ የማይለውንም እናንሳ፤ ምስጋና እውነትን መሸፈን የለበትም። በእኛ ጊዜ በግቢው ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። በእናታችን ቋንቋ ስለሳቅን፣ ስለተጣራን፣ «አመመኝ» ስላልን። እንግሊዝኛ እንድናውቅ ተብሎ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። ግን አሳፍሮናል። ለወለጋ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ መማሪያ ልታዘጋጅ የደከመችውን አስቴርን ሳውቅ ያ እንጨት ይበልጥ ቆጨኝ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ ያን ልማድ ትቶታል። ጥሩ አደረገ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ትምህርት ቤቱ የድሮ የሒሳብ መዛግብቱን የሚያደራጅለት ሰው ፈለገ፤ እኔም በደስታ ሄድኩ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ትልልቅ መዛግብት ተደርድረው አገኘሁ። ገጹ በማስመሪያ በእጅ የተሰመረ ነው። ስም፣ የሚከፈል፣ የተከፈለ፣ ቀሪ። የሚከፈለው ሁልጊዜ ብር አልነበረም። «በቆሎ፣ 1 ኩንታል»፣ «ማር፣ 2 ገንቦ»፣ «ጀንፈል ቡና» ይላል። የእኔን ዓመት ፈለግኩ። ስሜን አገኘሁት።

ያ ዓመት የአባቴ ቡና በበሽታ የረገፈበት ዓመት ነው። ለመጀመሪያው መንፈቅ በቆሎ አምጥቷል፤ ተመዝግቧል። ለሁለተኛው ምንም አላመጣም። እኔ ግን አልተባረርኩም፤ አንድም ሰው ስለ ክፍያ አልጠየቀኝም። ልጅ ስለነበርኩ አባቴ ከፍሎ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። መዝገቡ ላይ «ቀሪ» በሚለው ዓምድ «የለም» ተብሎ ተጽፏል። አጠገቡ በትናንሽ ፊደል በእርሳስ «ከደመወዝ ተቀናሽ» ይላል።

የማን ደመወዝ? የሙያ ነገር ሆኖብኝ ሳላገኘው አልወጣም አልኩ። የደመወዝ መክፈያውን ሰነድ አገላበጥኩ። በየወሩ ከመክፈያው ኋላ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ተያይዟል። ርዕሱ «ለችግረኛ ተማሪዎች የተሰጠ» ይላል። መምህራኑ አሉበት። ጸሐፊዋ አለች። ዘበኛው አሉበት። ከሥር መጨረሻ ላይ ደግሞ ወጥ ቤት ይሠሩ የነበሩት፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው እናታችን ስም አለ። ብር 3። ፊርማው ቦታ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ነው፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ትንሽ የተንሸራተተ።

እማማ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ከልጃቸው ደብዳቤ ሲመጣላቸው የምናነብላቸው እኛ ነን። በየወሩ ግን በአውራ ጣታቸው እየፈረሙ እኛን ያስተምሩ ነበር። ትምህርት ቤት ማለት ለእሳቸው ጭስ፣ ድስትና የሦስት መቶ ልጅ እራት ነው። የሚያስተምሩት ልጅ ማን እንደሆነ እንኳ ወረቀቱ አይነግራቸውም። ያ ልጅ በሽሮው ላይ አፍንጫውን ሲነፋ፣ «በቆሎ እንጀራ ሰለቸን» ሲል በጆሯቸው ይሰሙታል። አንድም ቀን «እኔ እኮ...» ብለው አያውቁም። ኧረ እንዲያውም የታመመ ልጅ ካለ እርጎ ደብቀው የሚያመጡለት እሳቸው ነበሩ።

እዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ ብዙ ቆየሁ። በሥራዬ ብዙ ሰነድ አይቻለሁ፤ አብዛኛው የሰው ገንዘብ ወዴት እንደሸሸ የሚያሳይ ነው። ያ ወረቀት ግን ገንዘቡ ከማን ኪስ ወደ እኔ እንደመጣ አሳየኝ። እኔ ብቻ አይደለሁም። «ከደመወዝ ተቀናሽ» የተባለባቸው ስሞች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቻችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችኋል። ስም አልጠራም፤ ዓመቱን ገምቱት።

ደግሞ ይሄ በእኛ ግቢ ብቻ የተደረገ እንዳይመስላችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ባካሄደችው «የምሥራች ድምፅ» የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየገጠሩ ያስተማሩት አብዛኞቹ ራሳቸው ጥቂት ክፍል የተማሩ የአገር ልጆች ናቸው። በዛፍ ሥር፣ በጸሎት ቤት ጥግ፣ በእዚህ ግባ በማይባል አበል። ከእኛ መምህራን ሁለቱ መጀመሪያ ማንበብ የቻሉት በዚያ ዘመቻ እንደነበር ነግረውናል። ሴቶች ማኅበራቱ ደግሞ በየቤቱ እየዞሩ እፍኝ እፍኝ እህል ያሰባስቡ ነበር። እናታችን ቡና ልታፈላ ስትነሳ ከማሰሮው አንድ እፍኝ ለትምህርት ቤቱ ታስቀምጥ ነበር፤ ልጇ እዚያ ከመግባቷ ከዓመታት በፊት ጀምራ።

እንግዲህ ምስጋናዬን ልናገር። መምህሮቼ፣ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእናንተ የተማርኩትን ፊደልም ሒሳብም ይዤ እንጀራ በላሁበት፤ ልጆቼንም አሳደግኩበት። ከሩቅ አገር መጥተው ያስተማሩንን ደግሞ ቀብራቸው ባለበት ሁሉ ጌታ ያስባቸው። ከዚህ በኋላ ግን ልለምናችሁ የመጣሁት ጉዳይ አለ።

የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 715፣ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከመንግሥት ውጭ ለተቀጠረ ሠራተኛ የጡረታ ሥርዓት አልነበረም። የእኛ ዘበኛ፣ የእኛ ወጥ ቤት፣ የእኛ ልብስ አጣቢና አናጺ ዕድሜያቸውን እዚያ ጨርሰው ሲወጡ የወር ገቢ የላቸውም። መምህራኖቻችን ቢያንስ ተማሪ ያስታውሳቸዋል፤ ሠርግ ይጠራሉ፤ ሲታመሙ ይጠየቃሉ። ወጥ ቤት ያለችን እናት ማን ይጠይቃታል? እኛ አዲስ አበባ ላይ ኬክ ቆርሰን ፎቶ ተነስተን ብንበተን፣ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሆናል።

ማኅበራችን በየዓመቱ ገንዘብ ያሰባስባል፤ ግሩም ነው። እስካሁን የሄደው ለቀለም፣ ለኮምፒዩተር፣ ለአጥር ነው። አጥሩ ያስፈልጋል፤ አልቃወምም። የዘንድሮው መዋጮ ግን በሕይወት ላሉ የቀድሞ ሠራተኞች ወርሃዊ ድጎማ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። ሒሳቡን እኔና ሁለት የሙያ ባልደረቦቼ በነፃ እንይዛለን፤ በየመንፈቁ ለሁላችሁም ሪፖርት እናደርጋለን። ኮሚቴው ይህን ሐሳብ ነገ ጠዋት ይወያይበታል፤ ድምፅ የምትሰጡ ሁሉ ባትቀሩ ደስ ይለኛል።

እማማ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አሁንም ሹል ነው። ባለፈው ሄጄ ስለዚያ ወረቀት ጠየቅኳቸው። «ምኑን አነሳሽው? አንቺ ደግሞ!» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለጥምቀት እንደገና እሄዳለሁ። አብሮኝ መምጣት የሚፈልግ ካለ መኪናው ውስጥ ቦታ አለ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አስቀምጫለሁ። በመምህርነት ሳይሆን በሌላ ሥራ ያገለገሉንን ሰዎች ስም፣ ሥራቸውን፣ አሁን የት እንዳሉ ወይም ዘመዳቸው ማን እንደሆነ ስትወጡ ጻፉልን። የቅጽል ስም ብቻ የምታውቁ ከሆነም ጻፉት፤ እኛ እናጣራለን። መጽሐፍ የደበቁትን ገበሬዎች ቤተሰብ የሚያውቅም ይጻፍ። ዘበኛውን በተመለከተ መዝገቡ ላይ ያለው የራሳቸው ስም ብቻ ነው፤ የአባታቸው ስም የለም። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ሳይነግረኝ እንዳይሄድ።

አመሰግናለሁ።